ቴሌግራም ላይ ያየሁትን ብስክሌት ልግዛ? ለአንድ ጀማሪ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 34፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ66 ነው። ከልጅነቴ ወዲህ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም። የምኖረው ሲኤምሲ፣ የምሠራው መገናኛ አካባቢ ሲሆን የታክሲ ሰልፍ ስላሰለቸኝ በብስክሌት ለመመላለስ ወስኛለሁ። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ባለ 29 ማውንቴን ብስክሌት አየሁ። ፊትና ኋላ ሾክ አለው፤ 21 ማርሽ፣ ሺማኖ፣ ዲስክ ፍሬን፣ ‹ከአውሮፓ የመጣ፣ እንደ አዲስ› ይላል። ዋጋው 35 ሺህ ብር ነው፤ ያለኝም ያው ነው። ሻጩ 10 ሺህ ብር ቀብድ በቴሌብር ከላክሁለት ቤቴ ድረስ እንደሚያመጣልኝ፣ ኮርቻው ከፍና ዝቅ ስለሚል ደግሞ ለማንኛውም ቁመት እንደሚሆን ነግሮኛል። ልግዛው? እንደ እኔ ላለ ጀማሪስ በኢንተርኔት መግዛት ይመከራል?»

ምላሽ፦ ይህን ብስክሌት አይግዙ፤ ቀብዱንም አይላኩ። ምክንያቱ በኢንተርኔት መግዛት በራሱ ስሕተት ስለሆነ አይደለም። በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በመሳሰሉት የሚወጡ ብስክሌቶች ውስጥ ሱቅ ከተደረደሩት የሚሻሉ ብዙ ናቸው። ችግሩ ማስታወቂያው የዘረዘራቸው ነገሮች፣ ማለትም 29፣ 21፣ ሺማኖ፣ ሾክና ዲስክ፣ ብስክሌቱ ለእርስዎ ይስማማ እንደሆነና ጤነኛ መሆኑን አለመናገራቸው ነው። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የሚመልሱት የአካሉ መጠን፣ የጥርሶቹ ቁጥር፣ የካቴናው ሁኔታ፣ የጎማው ዕድሜና ሻሲው ላይ የተመታው መለያ ቁጥር ናቸው፤ ከነዚህ አንዱም አልተጻፈም። ልምድ ያለው ገዢ የጎደለውን ጠይቆ ያገኛል። ጀማሪ ግን የተጻፈለትን ብቻ ስለሚመዝን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልግዎ ምን እንደሚጠይቁ ማወቅ ነው።

በመጠኑ ልጀምር፤ ሻጩ ከነገረዎት ሁሉ የሚጎዳዎት ይህ ነውና። 29 የጎማው ዲያሜትር፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር በመካከሉ ሲለካ ያለው ርዝመት፣ በኢንች ነው እንጂ የብስክሌቱ ልክ አይደለም። ልኩ የሚታወቀው መካኒኮቻችን ቴላዮ በሚሉት በዋናው አካል ነው፤ ይህም ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መካከል አንሥቶ የኮርቻው ቱቦ እስከሚያልቅበት ድረስ ይለካል። በማውንቴን ብስክሌት ብዙውን ጊዜ በኢንች፣ በከተማ ብስክሌት በሴንቲ ሜትር ይገለጻል። ለ1 ሜትር ከ66 ቁመት በማውንቴን ከ16 እስከ 17 ኢንች፣ በከተማ ብስክሌት ደግሞ ከ48 እስከ 51 ሴንቲ ሜትር ያለው ተስማሚ ነው። ባለ 29 ጎማ ሆኖ 17 ኢንች ቴላዮ ያለው ብስክሌት አለ፤ ባለ 29 ሆኖ 21 ኢንች የሆነም አለ። ሁለቱ በፎቶ ሲታዩ አይለያዩም፤ እርስዎ ግን ሁለተኛው ላይ ወጥተው ሊቆጣጠሩት አይችሉም።

ኮርቻው ከፍና ዝቅ ማለቱ የሚያስተካክለው የእግርን ርቀት ብቻ ነው። ከኮርቻው እስከ መሪው ያለውን ርቀት አይለውጠውም፤ ኮርቻው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ለጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አካሉ የረዘመበት ሰው ክንዱን ዘርግቶ፣ ክብደቱን በእጅ አንጓው ላይ ጥሎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይነዳል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም ትከሻው ይደነዝዛል። ከዚህ የሚብሰው አደጋው ነው። መገናኛ አካባቢ ሚኒባስ በድንገት ሲቆምብዎት ከኮርቻው ወርደው በሁለት እግርዎ መቆም ይኖርብዎታል። በዚያን ጊዜ የላይኛው አግዳሚ ብረት ከእግሮችዎ መካከል በቂ ክፍተት ከሌለው ብስክሌቱ ይዞዎት ይወድቃል። ጀማሪ ደግሞ ከልምደኛው ይልቅ ደጋግሞ በድንገት ይቆማል።

ስለዚህ ማንንም ሻጭ ከማናገርዎ በፊት ዛሬውኑ ራስዎን ይለኩ። ጫማዎን አውልቀው ጀርባዎን ለግድግዳ ይስጡ፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችዎ መካከል፣ ኮርቻ ላይ የተቀመጡ ያህል እስኪሰማዎት ድረስ ወደ ላይ ይግፉት፤ ሌላ ሰው ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለሉ ያለውን ይለካልዎት። ይህ ቁጥር 76 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የማውንቴን ብስክሌት አግዳሚ ብረት ከመሬት ከ71 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ለከተማ ብስክሌት ልዩነቱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም ይበቃል። ያንኑ 76 በ0.883 ሲያባዙት 67 ገደማ ይመጣል፤ ይህም ከፔዳሉ ማዞሪያ መካከል እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኮርቻውን ከዚህ ልክ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው እግርዎ መሬት እንዲደርስ ያድርጉ፤ ሲለምዱ ወደ ልኩ ይመልሱት፤ ዝቅ ብሎ ከቀረ ጉልበትዎ ይታመማል። የኮርቻው ዘንግ ላይ እስከ የት ድረስ ሊወጣ እንደሚችል የሚያሳይ መስመር አለ፤ ልኩን ለማግኘት ያን መስመር ማለፍ የግድ ከሆነ ብስክሌቱ ትንሽ ሆኖብዎታል ማለት ነው።

ወደ ማርሹ ስንመጣ፣ 21 የሚለው ቁጥር ፊት ያሉት 3 ጥርሳም ክቦች ከኋላ 7ቱ ጋር ተባዝተው የተገኘ ውጤት ከመሆን በቀር ስለ ዳገት የሚነግርዎት የለም። ሊያውቁት የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ እጅግ ቀላሉ ማርሽ ምን ያህል ይቀላል? ይህን ለማወቅ ፊት ያለውን የትንሹን ክብ ጥርሶች ቁጥር ኋላ ላለው ለትልቁ ክብ ጥርሶች ቁጥር ያካፍሉ። ፊት 24፣ ኋላ 28 ከሆነ ውጤቱ 0.86 ነው፤ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ሙሉ ሲያዞሩ የኋላ ጎማው ከአንድ ዙር ያነሰ ይዞራል ማለት ነው። በ26 ኢንች ጎማ ይህ 1 ሜትር ከ80 ያህል ያስኬድዎታል። በ29 ጎማ ግን በዚያው ማርሽ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል፤ ማለትም ያው ዳገት፣ በዚያው ጥርስ፣ በ29 ጎማ 10 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ለአዲስ አበባ ከ1 በታች የሆነ ቁጥር እንዲፈልጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ እንጦጦ 3,000 ሜትርን ያልፋል፤ በመካከሉ ያለው ሁሉ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው። ጠያቂው ከባሕር ዳር ወይም ከሐዋሳ ቢሆኑ ኖሮ ግን ይህን ሁሉ ትቼ አንድ ማርሽ ያለው ጠንካራ ብስክሌት ይግዙ ብዬ በሁለት መስመር በጨረስሁ ነበር።

የኋላ ሾክን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። በዚህ ዋጋ የሚሸጥ የኋላ ሾክ ከሞላ የዘለለ ነገር የለውም፤ የሞላውን ንዝረት የሚገታ ዘይትም ሆነ አየር በውስጡ የለም። ፔዳሉን በረገጡ ቁጥር ከጉልበትዎ ከፊሉ ሞላውን በመጨቆን ይባክናል፤ ዳገት ላይ ቆመው ሲረግጡ ደግሞ ብስክሌቱ ከሥርዎ ይዘላል። እንዲህ ዓይነቱ ብስክሌት 16 እስከ 18 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሾክ የሌለው ተመጣጣኝ ብስክሌት ከ12 እስከ 14 ኪሎ ነው። ልዩነቱን የሚያውቁት ፎቅ ሲያወጡት ነው። በተጨማሪም የኋላው ክፍል የሚታጠፍባቸው መጋጠሚያዎች በጊዜ ይላላሉ፤ ሲላሉ ደግሞ ምትካቸው ገበያ ላይ አይገኝም፤ መካኒኩ ያለው አማራጭ በቀጭን ቆርቆሮ መሙላት ብቻ ነው። የድንጋይ ንጣፍና ጉድጓድ እንዳይጎዳዎት የሚፈልጉ ከሆነ ወፈር ያለ ጎማ፣ ለምሳሌ 26 በ1.95 ወይም 26 በ2.0፣ በልኩ ንፋስ ተሞልቶ ከዚያ ሾክ የተሻለ ያገለግልዎታል። የፊት ሾክ ካለው ግን አይጎዳም፤ ቀለል ያለና የማይንገጫገጭ እስከሆነ ድረስ ይቀበሉት።

ሺማኖ የሚለው ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ማርሽ ቀያሪው ብቻ ነው፤ ስለ ቴላዮው፣ ስለ ቸርኬውና ስለ ኩሽኔታው ምንም አይልም። ኩባንያው ራሱ ለርካሽ ብስክሌት ተርኒ፣ ከዚያ ከፍ ሲል አልተስ፣ አሴራ፣ አሊቪዮ፣ ዲዮሬ እያለ በደረጃ ያወጣቸው አሉ። ለእርስዎ አገልግሎት አልተስ ወይም አሴራ ከበቂ በላይ ነው፤ ተርኒም ቢሆን በደንብ የተስተካከለ ከሆነ ይሠራል።

ፍሬን ግን ከማርሽ ይበልጣል። ዲስክ ፍሬን በክረምት ዝናብ ውስጥ በእርግጥ የተሻለ ይይዛል፤ ርካሹ ዲስክ ግን ሳህኑ ቶሎ ስለሚጣመምና ስለሚፋጭ ዘወትር መስተካከል ይፈልጋል። በዘይት የሚሠራው ዓይነት ጥሩ ነው፤ ሆኖም የትኛውን ዘይት እንደሚፈልግ የሚያውቅ መካኒክ ማግኘት ያስፈልጋል፤ አንዱ የማዕድን ዘይት ሲፈልግ ሌላው የመኪና ዓይነት የፍሬን ዘይት ይፈልጋልና፣ ቢቀያየሩ ውስጡ ያለው ጎማ ይበላሻል። ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ቀላሉ ፍሬን የፍሬን ጎማው በየቦታው ይገኛል፣ ማንም ያስተካክለዋል፣ ሲያልቅም በዓይን ይታያል። ጥሩውን የቸርኬ ፍሬን ከርካሹ ዲስክ አስቀድሜ እመርጣለሁ። ሲዘንብ ቀደም ብለው ይያዙ፤ ቸርኬው እስኪጠረግ ድረስ የመጀመሪያው ቅጽበት ባዶ ያልፋልና።

«ከአውሮፓ የመጣ» የሚለው አነጋገር ሁለት እጅግ የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። በእርግጥ በኮንቴይነር የሚገቡ ያገለገሉ ብስክሌቶች አሉ፤ ከነሱ መካከል ቴላዮአቸው ጠንካራ፣ ኩሽኔታቸው ያልተበላ፣ አዲስ ከሚሸጠው ርካሽ ብስክሌት በብዙ የሚበልጡ ይገኛሉ፤ እኔም ለጀማሪ በብዛት የምመክረው እነዚህን ነው። ነገር ግን ከሆላንድና ከመሰል ሜዳማ አገሮች የሚመጣው ቀጥ ብለው የሚነዱት የከተማ ብስክሌት የተሠራው ዳገት ለሌለበት ጎዳና ነው። ብዙዎቹ አንድ ወይም ሦስት ማርሽ ብቻ ያላቸው ሲሆኑ፣ ቀላሉ ማርሻቸው በላይ ባሳየሁት ስሌት ከ1.5 ብዙም አይወርድም፤ ክብደታቸው ከ18 ኪሎ ማለፉ የተለመደ ነው። አንዳንዶቹ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡ የሚይዝ ፍሬን አላቸው፤ ይህ በሜዳ የሚወደድ ነገር ረጅም ቁልቁለት ላይ ይግልና መያዙ ይደክማል። ውበታቸው ስቧቸው ገዝተው ከአንድ ሳምንት በኋላ ለመሸጥ የሚመጡ ሰዎችን በተደጋጋሚ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ብስክሌት መንዳትን ራሱን ነው የሚተዉት።

ለዕለታዊ አገልግሎት የሚወስነው ሌላ ነገር ጎማው ነው። የጎማው ጎን ላይ እንደ 50-559 ያለ ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ፤ የመጀመሪያው ውፍረቱ፣ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። 559 ማለት የ26 ኢንች ጎማ ነው፤ 584 ባለ 27.5 ነው፤ 622 ደግሞ ብዙውን ጊዜ 29 ወይም 28 ወይም 700 ተብሎ የሚሸጠው ነው። ሻጩ ይህን ቁጥር ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎት። 26 ኢንች ጎማና የውስጥ ጎማው በየሰፈሩ ስለሚገኝ ለጀማሪ ቀላሉ ምርጫ እሱ ነው። የጎማው ንፋስ ማስገቢያ (ቫልቭ) ምን ዓይነት እንደሆነም ይጠይቁ። እንደ መኪና ጎማ ማስገቢያ ወፍራም ከሆነ የትኛውም ጎሚስታ ይሞላልዎታል፤ ቀጭኑ ከሆነ አስማሚ መግዛት ያስፈልጋል። ጎሚስታ ዘንድ ሲሞሉ ግን መሙያውን ለአፍታ እየነኩ ደጋግመው ይሙሉ እንጂ ይዘው አይቆዩ፤ የብስክሌት ጎማ የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን ጎማው ላይ ተጽፏል።

አዲስ፣ በካርቶን ያለ ብስክሌት የሚያቀርቡልዎትም አሉ። አዲስ መሆኑ የሚያስወግድልዎት የዝገትንና የማለቅን ሥጋት ነው፤ የአገጣጠምን ሥጋት ግን ያመጣልዎታል። ከካርቶን የወጣ ብስክሌት ፔዳሉ፣ መሪው፣ የፊት ጎማውና ኮርቻው ገና አልተገጠሙም፤ የሚገጥምልዎ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያደረሰው ልጅ ነው። በዚህ ላይ የማያቸው ስሕተቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ ወደ ኋላ አዙሮ መግጠም ነው፤ የቸርኬ ፍሬን ያለው ሆኖ ፍሬኑ ከሹካው በስተኋላ ከታየ ተገላብጧል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ብስክሌት ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሁለተኛው የግራውን ፔዳል በግድ ማጥበቅ ነው። የግራ ፔዳል ጥርሱ ተቃራኒ ነው፤ የሚጠብቀው እንደ ሌላው ቡሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ሳይሆን ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ ይዞ በመፍቻ ይገፋል፤ የፔዳሉ ክንድ ብዙ ጊዜ ለስላሳ አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ይላጣል፤ ብስክሌቱ ገና አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ያ ክንድ መለወጥ ይኖርበታል። ፔዳሎቹ ጫፍ ላይ ለግራ ኤል፣ ለቀኝ አር የተባሉት የላቲን ፊደላት ተመትተዋል። ገጥሞ የሚያስረክብ ሱቅ ካልሆነ በስተቀር በካርቶን ይረከቡና ለመካኒክ ከፍለው ያስገጥሙ።

አሁን ወደ ሻጩ እንመለስ። የሚስማማዎት መጠን ያለው ብስክሌት ሲያገኙ፣ ሄደው ከማየትዎ በፊት በቀን ብርሃን የተነሡ ፎቶዎችን ይጠይቁ፤ ከቻናሉ ላይ ያለው ፎቶ አይበቃም፣ የሌላ ብስክሌት ሊሆን ይችላል። የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ብስክሌቱ ላይ ተደርጎ አንድ ፎቶ ይነሣ። ከዚያ በቅርብ እንዲያነሣልዎ የሚጠይቁት በመጀመሪያ መሪው ከሚገባበት ቱቦ በታች፣ ቴላዮው የሚገናኝበትን ብየዳ ነው። ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቶ ከሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው፤ ቀለሙ ይሸበሸባል ወይም ስስ መስመር ያወጣል። ብረት ከሆነ ጎበዝ በያጅ ሊጠግነው ይችላል፤ አሉሚኒየም ከተሰነጠቀ ግን በተለመደው ብየዳ ጥንካሬው አይመለስም፣ በምንም ዋጋ አይግዙት። ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ሆኖ ካዩትም ይተዉት። ቀጥሎ የኋላዎቹን ጥርሶች ይጠይቁ፤ ጫፋቸው ሹል ሆኖ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ አልቀዋል። በመጨረሻም የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሲሽከረከር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይላክልዎት፤ ቸርኬው በፍሬኑ ጎማዎች መካከል ግራና ቀኝ የሚዋዥቅ ከሆነ ወዲያው ያዩታል። ይህን ለመላክ የማይፈልግ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው ወይም ብስክሌቱ በእጁ የለም፤ በሁለቱም ቢሆን ጊዜዎን አያባክኑ።

ስለ ገንዘቡ የምለው አጭር ነው። ብስክሌቱን ሳያዩ፣ ሳይነኩና ሳይነዱ አንድ ብርም አይላኩ። ወደ ግለሰብ ስልክ የተላከ ገንዘብ «ተሳስቼ ነው» ብለው በፈለጉ ጊዜ የሚመልሱት አይደለም። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» የሚለው ማስቸኮያ፣ የሚላክለት ሰው ስም ከሻጩ ስም መለየቱ፣ አስተያየት መስጠት የተዘጋበት ቻናል፣ ከገበያው በእጅጉ ያነሰ ዋጋ፣ እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ መራቅ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የብስክሌትና የመለዋወጫ ዋጋ በፍጥነት ስለሚቀያየር፣ የወራት ዕድሜ ያለው ማስታወቂያ ላይ ያለው ዋጋ አሁን አይሠራ ይሆናል፤ ስለዚህ በርካሽ ዋጋ አይጓጉ። የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ለሸማች መብት ይሰጣል፤ ነገር ግን የሚመለከተው ከነጋዴ የተደረገን ግዢ ነው። ስሙንና አድራሻውን ከማያውቁት የቻናል ባለቤት ያለ ደረሰኝ ገዝተው ከሆነ፣ ብልሽት ቢገኝበት ማንን እንደሚጠይቁም ሆነ በምን እንደሚያስረዱ አይታወቅም።

ሲያዩት በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይሁን፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ የሰፈርዎ መካኒክ ሱቅ ደጃፍ ላይ እንዲገናኙ ይስማሙ፤ ለመካኒኩ የሚከፍሉት ከዚህ ግዢ ሁሉ ጠቃሚው ወጪ ነው። መካኒኩ የፊት ፍሬኑን ጨብጦ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋው መሪው ሥር ክፍተት ካለ ይንኳኳል። የፔዳሉን ክንድ ይዞ ወደ ጎን ሲነቀንቀው መንቀሳቀስ የለበትም፤ ከተንቀሳቀሰ ማዞሪያው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ላልቷል ወይም አልቋል፤ ይህንንም የትኛውም ፎቶ ሊያሳይዎ አይችልም። ካቴናውን እርስዎ ራስዎ በማስመሪያ መለካት ይችላሉ። የካቴና እያንዳንዱ አንጓ ግማሽ ኢንች ስለሆነ፣ አዲስ ካቴና ላይ 20 አንጓ 254 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንዱ ችንካር መካከል ጀምረው 20 አንጓ ሲቆጥሩ 256 ካለፈ ካቴናው ተስቧል፤ ብዙ ከተነዳበት ጥርሶቹንም አብሮ በልቷል፣ ካቴናውን፣ የፊቱንና የኋላውን ጥርስ ሦስቱንም መለወጥ ሊኖርብዎ ነው። ይህ ግዢውን የሚያስቀር ሳይሆን ዋጋውን የሚያስቀንስ ምክንያት ነው። በመጨረሻ መካኒኩ ጎማዎቹን ውኃ አስነክቶ በደረቅ አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ ይንዳው፤ የፊትና የኋላ ጎማ ዱካ አንዱ በሌላው ላይ ካላረፈ ቴላዮው ወይም ሹካው ተጣሟል።

ከመክፈልዎ በፊት ብስክሌቱን ገልብጠው ከፔዳሉ ማዞሪያ ሥር የተመታውን ቁጥር ያንብቡ። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ይመልሱት። የተሰረቀ ንብረት ባለቤቱ ሲያገኘው ይወስድብዎታል፤ መሰረቁን እያወቀ የገዛ ደግሞ በወንጀል ይጠየቃል። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሻጩን ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የብስክሌቱን ቁጥር፣ ዋጋውንና ቀኑን ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙ። ሐቀኛ ሻጭ ይህን አይጠላም፤ ነገ ለመሸጥ ቢፈልጉ ለእርስዎም ማስረጃ ይሆንዎታል።

ካለዎት 35 ሺህ ብር ውስጥ ለብስክሌቱ የሚውለው ከ28 ሺህ እንዳይበልጥ አጥብቄ እመክራለሁ። ቀሪው 7 ሺህ ለሙሉ ጥገና፣ ለአዲስ የፍሬን ሽቦና የፍሬን ጎማ፣ ለራስ ቁር፣ ለመብራትና ለጠንካራ ጓጉንቸር ይውላል። የራስ ቁሩን ያገለገለ አይግዙ፤ አንድ ጊዜ የተመታ ከሆነ ውስጡ ያለው መከላከያ ከላይ ሳይታይ ተሰብሮ ይሆናል። ያገለገለ ብስክሌት ጎማ ለዓይን ጥርሱ ያላለቀ ቢመስልም ጎኑ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ደርቋልና እሱም ከዚሁ ገንዘብ ይለወጣል።

እንግዲህ የሚገዙት ይህ ይሁን፦ ያገለገለ፣ 26 ኢንች ጎማ ያለው፣ ቴላዮው 16 ወይም 17 ኢንች የሆነ፣ የኋላ ሾክ የሌለው፣ የቸርኬ ፍሬን ያለው፣ ቀላሉ ማርሹ ከ1 በታች የሆነ ማውንቴን ብስክሌት። ማስታወቂያውን በኢንተርኔት ይፈልጉ፣ ጥያቄውን በኢንተርኔት ይጠይቁ፣ ክፍያውን ግን ብስክሌቱ ፊት ቆመው ይፈጽሙ። እስኪያገኙ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድብዎ ይችላል። ያን ጊዜ በሰፈርዎ ብስክሌት ተከራይተው በእሑድ ማለዳ ይለማመዱበት፤ በአንድ እጅ መንዳትን፣ ወደ ኋላ ዞሮ መመልከትንና በሁለቱ ፍሬኖች እኩል መያዝን ሳይለምዱ ወደ መገናኛ መንገድ አይውጡ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ የቆየው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር ጎዳናዎች ለመኪና በሚዘጉባቸው እሑዶች ለዚህ የተመቸ ነው፤ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር የተሠራላቸው ጎዳናዎችም እንዲሁ። ብስክሌቱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን መስመር በሌለው ዋና መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ጎን ለመንዳት የሚያስፈልገውን ልምድ ሊሰጥዎት አይችልም። ከሲኤምሲ የሚወስደውን መንገድ በቅድሚያ ሥራ በሌለበት ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሄደውበት ጉድጓዱንና ዳገቱን ይወቁት።

ከገዙት በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ወደ መካኒኩ ይመልሱት። የፔዳሉ ክንዶች፣ የመሪውና የኮርቻው ቡሎኖች በአዲስ ጭነት ላይ ሲሆኑ ጥቂት ይላላሉ፤ የፍሬንና የማርሽ ሽቦ ይረዝማል፤ የቸርኬው ሽቦዎች ይረግባሉ። የፔዳሉ ክንድ ላልቶ እያለ ከተነዳ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢጠብቅ አይይዝም። ፔዳሉን ሲረግጡ ቀጭን የመንቋቋት ድምፅ ከሰሙ ሳምንቱ እስኪሞላ አይጠብቁ፤ ወርደው እየገፉ ወደ መካኒኩ ይውሰዱት።